የኩላሊት ካንሰር፣ ኢሚውኖቴራፒ እና የደም ምርመራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ የካንሰር ታማሚ ካለበት ቤት አንድ ፌስታል አይጠፋም። የሲቲ ስካን ፊልም፣ የሪፈር ወረቀት፣ ተጣጥፎ የተቀደደ የላብራቶሪ ውጤት ይታጨቅበታል። ፊልሙን ሁሉም እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል። የደም ውጤቱን ግን ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ይህ ገጽ ስለዚያ ወረቀት ነው። የተጻፈው ለታማሚዎችና ለአስታማሚዎች ሲሆን፣ ሐኪምዎን አይተካም።

ኢሚውኖቴራፒ ከኬሞ በምን ይለያል?

ኬሞ ካንሰሩን ራሱን ይመታል። ኢሚውኖቴራፒ የሚሠራው በታማሚው የመከላከያ ሕዋሳት በኩል ነው። እነዚህ ሕዋሳት የራሳችንን ገላ እንዳያጠቁ ፍሬን አላቸው። ካንሰር ተንኮለኛ ስለሆነ ይህን ፍሬን ረግጦ ይይዝባቸዋል። መድኃኒቶቹ ፍሬኑን ያስለቅቁታል። የታወቁት ፍሬኖች ፒዲ-1 እና ሲቲኤልኤ-4 ይባላሉ። በዚህ ሥራ ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

የኩላሊት ካንሰር ለተለመደው ኬሞ ብዙም አይበገርም። ስለዚህ እነዚህ መድኃኒቶች ሲመጡ ትልቅ ለውጥ ሆነ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኒቮሉማብ በአሜሪካ ለኩላሊት ካንሰር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በ2018 ደግሞ ከኢፒሊሙማብ ጋር ተጣምሮ በመጀመሪያ ሕክምናነት ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ እንደ ፔምብሮሊዙማብ ያሉት ከእንክብል ጋር መሰጠት ጀመሩ። እንክብሎቹ ካንሰሩ አዲስ የደም ሥር እንዳያበቅል የሚከለክሉ ናቸው። አክሲቲኒብ አንዱ ነው።

ለሁሉም ሰው ይሠራል?

አይሠራም። የሁሉ ጥያቄ መነሻም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውን ትልቅ ጥናት እንይ። በሽታቸው መካከለኛ ወይም ከባድ ደረጃ ላይ የነበሩ ሰዎች ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ ሲወስዱ፣ ከ100ው የ42ቱ ዕጢ በሚታይ መጠን አነሰ። ከእነዚህ ውስጥ የ9ኙ ከነጭራሹ ጠፋ። ሱኒቲኒብ የተባለውን እንክብል በወሰዱት ላይ ግን ዕጢው ያነሰላቸው 27፣ የጠፋላቸው 1 ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሆኖም ከ42ቱ ውጭ የቀሩትም ያንኑ ውድ መድኃኒት ወስደዋል፤ ያንኑ የጎንዮሽ ጉዳት ተሸክመዋል። እኛ ጋ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ለሕክምና በሬ ሸጦ፣ መሬት አከራይቶ ነው የሚመጣው። “ከመጀመራችን በፊት ይሠራል አይሠራም ማወቅ አይቻልም ወይ?” ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው።

እና በደም ቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

በአንድ ቁጥር “ይሠራልዎታል” ወይም “አይሠራልዎትም” የሚል የደም ምርመራ እስካሁን የለም። ለፕሮስቴት ካንሰር ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ እንዳለው፣ ለኩላሊት ካንሰር የራሱ የሆነ የተለመደ የደም ጠቋሚ እንኳ የለውም።

ፍንጭ የሚሰጡ ቁጥሮች ግን አሉ። የሚገርመው፣ በጥናት ብዙ የተፈተኑትና ሐኪሞች በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው ርካሾቹ ናቸው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ሄዱ ጥበበ ጊዮን፣ ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ከተሠራልዎት ግማሹ መረጃ እጅዎ ላይ ነው።

ሐኪሙ ከዚያ ተራ ወረቀት ምን ያያል?

የካንሰር ሐኪሞች በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት የነጥብ አሰጣጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሲሆን ስድስት ነገሮችን ይቆጥራል። ሁለቱ ከደም ጋር አይገናኙም። አንዱ ታማሚው የዕለት ሥራውን በራሱ መሥራት መቻል አለመቻሉ ነው። ሌላው በሽታው ከታወቀ እስከ ሕክምናው መጀመሪያ አንድ ዓመት መሙላት አለመሙላቱ ነው።

የቀሩት አራቱ ግን ከደም የሚገኙ ናቸው። ሂሞግሎቢን (በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ከመደበኛው ካነሰ አንድ ነጥብ ይያዛል። ካልሲየም፣ ኒውትሮፊል (አንዱ የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ወይም ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ከመደበኛው ከበለጠም ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነጥብ ይያዛል። ዜሮ ያመጣ “ጥሩ”፣ አንድ ወይም ሁለት “መካከለኛ”፣ ሦስትና ከዚያ በላይ “ከባድ” ይባላል።

እነዚህ አራት ቁጥሮች ለምን ተመረጡ? ካንሰሩ በበረታ ቁጥር ኢንተርሊውኪን-6 የመሰሉ ብግነት ቀስቃሽ ኬሚካሎች በደም ውስጥ ይበዛሉ። ጉበት ይህን ሲሰማ ፕላትሌት እንዲመረት የሚያዘውን ሆርሞን ይጨምራል። ብረት ከማከማቻው እንዳይወጣ የሚቆልፈውን ሆርሞንም ያበዛል። ስለዚህ ፕላትሌት ይወጣል፤ ሂሞግሎቢን ይወርዳል። አንዳንድ የኩላሊት ካንሰሮች ደግሞ ካልሲየምን ከአጥንት የሚያስለቅቅ ነገር ራሳቸው ያመርታሉ። ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተሰበሰቡ አይደሉም፤ ካንሰሩ ገላ ውስጥ የሚሠራውን ያሳያሉ።

“ነጥብዎ ከባድ ነው” ተባልኩ። መድኃኒቱ አይሠራልኝም ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ጥያቄ በተሳሳተ መልስ ብዙ ሰው ተስፋ ያስቆረጠ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው “በሽታው ምን ያህል ከባድ ነው?” የሚል ነው። ሁለተኛው “ይህ መድኃኒት ከዚያኛው ይበልጥ ይጠቅመኛል ወይ?” የሚል ነው። ነጥቡ በዋናነት የሚመልሰው የመጀመሪያውን ነው። የተሠራውም ኢሚውኖቴራፒ ለኩላሊት ካንሰር ከመምጣቱ በፊት፣ እንክብል ይወስዱ በነበሩ ታማሚዎች ላይ ነው።

የ2018ቱ ጥናት ያሳየውም ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ሁለቱ ኢሚውኖቴራፒዎች በጣምራ ከሱኒቲኒብ በግልጽ የበለጡት መካከለኛና ከባድ ነጥብ ባላቸው ላይ ነበር። “ጥሩ” ነጥብ ባላቸው ዘንድ ዕጢ በማሳነስ በኩል ሱኒቲኒብ ልቆ ታይቷል። ስለዚህ “ከባድ” የሚለው ቃል የመድኃኒቱን በር አይዘጋም። ሐኪሙ የትኛውን ጥምረት እንደሚመርጥ ይወስንበታል። ለ“ጥሩ”ዎቹ ብዙ ጊዜ አንድ ኢሚውኖቴራፒ ከእንክብል ጋር ይታሰባል።

አስታማሚዎችን አንድ ነገር ልለምን። “ከባድ” የሚለውን ቃል ብቻ ይዛችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። “ታዲያ የትኛው ሕክምና ይሻላል?” ብላችሁ ጠይቁ።

ኒውትሮፊልን ለሊምፎሳይት ማካፈል የሚባለው ምንድን ነው?

ሲቢሲ ወረቀቱን ያውጡ። ነጭ የደም ሕዋስ በየዓይነቱ ተዘርዝሯል። ኒውትሮፊል 6.2፣ ሊምፎሳይት 1.4 የሚል ቢያገኙ፣ 6.2ን ለ1.4 ያካፍሉ። 4.4 ገደማ ይመጣል። ያው ነው፤ ሌላ ሚስጥር የለውም። በመቶኛ የተጻፈውን ከተጠቀሙ ሁለቱንም በመቶኛ ይውሰዱ እንጂ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ አያደባልቁ።

ኒውትሮፊል ሲበዛ ብግነት አለ ማለት ነው። ሊምፎሳይት ደግሞ ኢሚውኖቴራፒው የሚያሠማራቸውን ወታደሮች የያዘው ክፍል ነው። በብዙ ጥናቶች የክፍፍሉ ውጤት ከፍ ያለባቸው ሰዎች በአማካይ ብዙም አልቀናቸውም። “ከፍ ያለ” የሚባለው ከስንት ጀምሮ እንደሆነ፣ ማለትም መቁረጫው ላይ፣ ግን ስምምነት የለም። አንዱ ጥናት 3ን፣ ሌላው 4ን ወይም 5ን ይወስዳል።

በእኔ እምነት ከመነሻው ቁጥር ይልቅ አካሄዱ ይበልጣል። ሕክምናው በተጀመረ በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ቁጥሩ ከወረደ፣ የተሻለ ውጤት ጋር እንደሚያያዝ በኩላሊት ካንሰር ላይ ታይቷል። ከላይ ያልነው 4.4 ወደ 2.5 ቢወርድ ደስ የሚል ምልክት ነው። ግን ሲቲ ስካኑን አይተካም።

ሌላም ነገር አለ። ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ በብዙ አፍሪካውያን ዘንድ፣ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ኒውትሮፊሉ ዝቅ ያለ ሰው ብዙ ነው። ከጎንደርና ከአካባቢው ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ይኸው ተጠንቷል። መቁረጫዎቹ ደግሞ የወጡት በአብዛኛው ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከእስያ ታማሚዎች ነው። ስለዚህ “2.8 ነው፣ ከ3 በታች ነኝ” ብሎ መጨፈርም፣ “3.3 ነው፣ አለቀልኝ” ብሎ ማዘንም አይገባም።

ደሙን የሰጠሁት ወባ ታምሜ በተነሣሁ ሰሞን ነው። ቁጥሩን ያዛባዋል?

እንዴት አያዛባም! በጣና ዙሪያ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው።

ወባ ሂሞግሎቢንን ያወርዳል። ፕላትሌትንም በጣም ይጥላል። ካንሰሩ ፕላትሌቱን ከፍ አድርጎት ከነበረ ወባው አውርዶ “መደበኛ” ያስመስለዋል። ያኔ አንድ ነጥብ ይሰወራል። በተቃራኒው ደግሞ የደም ማነሱ ከወባ ወይም ከአንጀት ትል ከመጣ፣ ካንሰሩ ያላደረገው ነጥብ ይቆጠርበታል። ከፎገራ የሩዝ ማሳ ወይም ከደምቢያ የመጣ ታማሚ ላይ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቢልሃርዚያም አለ። ዘጌና ጎርጎራ አካባቢ ሐይቁ ውስጥ እየዋኘ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ቢልሃርዚያና ሌሎች ጥገኛ ትሎች ኢዮሲኖፊል የሚባለውን ነጭ ሕዋስ ያበዛሉ። ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። አንዳንድ ጥናቶች ኢዮሲኖፊል ከፍ ማለቱን በኢሚውኖቴራፒ ከመልካም ውጤት ጋር አያይዘውታል። እዚያ ጥናቱ የተሠራበት አገር ትል ብርቅ ነው። እዚህ ግን ከፍ ያለ ኢዮሲኖፊል ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው የሰገራ ምርመራ ነው።

በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛርም አይረሳ። መተማና ሁመራ ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሦስቱም የደም ሕዋስ ዓይነቶች (ቀይ፣ ነጭና ፕላትሌት) ሊወርዱበት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊቦ ከምከምና ፎገራም ላይ ወረርሽኙ ታይቷል። ታማሚው የት እንደነበረ ለሐኪሙ መንገር ዋጋ አለው።

ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የተባሉትን የስቴሮይድ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ደግሞ ኒውትሮፊሉ ይወጣል፤ ሊምፎሳይቱ ይወርዳል። ክፍፍሉ ያለ ካንሰሩ ጥፋት ያሻቅባል።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በከፍታ ላይ ሂሞግሎቢን ትንሽ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከቆላ አገር በተወሰደ መመዘኛ “ለጥቂት አለፈ” የተባለ ሂሞግሎቢን እዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ምን ይሻላል? ትኩሳት ካለ ወይም ወባ ከታከሙ ብዙም ካልቆዩ፣ ለሐኪሙ ይንገሩና ካገገሙ በኋላ ምርመራው እንዲደገም ይጠይቁ። ሕክምናው ግን በዚህ ሰበብ ያለ ሐኪም ውሳኔ አይዘግይ።

ካልሲየሜ መደበኛ ነው ተብሏል። በቃ?

አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲንዎ ስንት ነው? በደም ውስጥ ካለው ካልሲየም ግማሽ ያህሉ አልቡሚን ላይ ተጣብቆ ነው የሚዞረው። ምግብ አልበላ ያለው፣ የከሳ ታማሚ አልቡሚኑ ይወርዳል። ያኔ ካልሲየሙ ወረቀቱ ላይ ያነሰ ይመስላል።

ማስተካከያው ቀላል ነው። አልቡሚኑን ከ4 ይቀንሱ፤ ቀሪውን በ0.8 ያባዙ፤ ከካልሲየሙ ጋር ይደምሩ። ካልሲየም 9.8፣ አልቡሚን 2.5 ቢሆን፣ 4 ሲቀነስ 2.5 ይሆናል 1.5። በ0.8 ሲባዛ 1.2። ከ9.8 ጋር ሲደመር 11.0። ወረቀቱ ላይ “መደበኛ” የተባለው ካልሲየም ከፍተኛ ሆኖ አረፈው። ስሌቱ ካልሲየም በሚሊግራም በዴሲሊትር (mg/dL)፣ አልቡሚን በግራም በዴሲሊትር (g/dL) ሲጻፍ ነው፤ ቁጥሮቹ በሌላ መለኪያ ከተጻፉ አይሠራምና ላብራቶሪውን ይጠይቁ።

ካልሲየም በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ከትንበያም ያለፈ ጉዳይ ነው። ጥም፣ የሆድ ድርቀት፣ ግራ መጋባት፣ ከባድ እንቅልፍ ከታዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ኤልዲኤች፣ ሲአርፒ፣ አልቡሚንስ?

ኤልዲኤች (ሕዋሳት ሲጎዱ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም) እና ሲአርፒ (ብግነት ሲኖር የሚበዛ ፕሮቲን) ከፍ ሲሉ፣ አልቡሚን ሲወርድ፣ በአማካይ በሽታው እንደጠነከረ ያመለክታሉ። ሲአርፒ በሕክምናው ወቅት ሲወርድ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ሲአርፒ በማንኛውም ኢንፌክሽን ይዘላል።

ኤልዲኤች አንድ ተንኮል አለው። ደሙ ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ቀይ ሕዋሳቱ ከፈነዱ ውጤቱ በሐሰት ይጨምራል። በጠዋት ከጤና ጣቢያ የተወሰደ ናሙና በባጃጅ ሙቀት ሲንገላታ ውሎ ላብራቶሪ ከደረሰ፣ የሚነበበው የመንገዱ ውጤት ነው። የተለየ ምክንያት ሳይኖር ኤልዲኤች ብቻውን ካሻቀበ እንደገና ማሠራት ነውር የለውም።

ስለ አዳዲሶቹ ጠቋሚዎች ሰምቻለሁ። ደሜን ወደ ውጭ አገር ልላክ?

ሦስቱን ላንሣ።

ኪም-1 ኩላሊት ሲጎዳ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። በብዛት የሚገኘው የኩላሊት ካንሰር ዓይነትም ያመርተዋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ አቴዞሊዙማብ የተባለው ኢሚውኖቴራፒ በተሞከረበት ጥናት መድኃኒቱ በጠቅላላው አልጠቀመም። ኪም-1 ከፍ ያለባቸው ግን የተጠቀሙ ይመስላል። ብዙ ተመራማሪ ዓይኑን የጣለበት ለዚህ ነው። ገና በሌላ ጥናት መረጋገጥ አለበት። ኩላሊት በሌላ ምክንያት ሲጎዳም ስለሚጨምር ለእኛ አገር ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ኢንተርሊውኪን-8 የተባለው ብግነት ቀስቃሽ ኬሚካል ሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተሙ ጥናቶች፣ ኩላሊትን ጨምሮ በተለያዩ ካንሰሮች፣ በደም ውስጥ ከፍ ያለባቸው ሰዎች በኢሚውኖቴራፒ ብዙም አልቀናቸውም።

ሦስተኛው ከዕጢው አምልጦ በደም የሚዞር ዲኤንኤ ነው። ለአንጀትና ለሳንባ ካንሰር ብዙ ተስፋ ተጥሎበታል። የኩላሊት ካንሰር ግን ወደ ደም የሚለቀው ዲኤንኤ ጥቂት ስለሆነ ለመያዝ ያስቸግራል።

ልላክ ለሚለው፣ በእኔ አስተያየት አይላኩ። ውጤቱ ቢመጣ እንኳ ሐኪሙ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ሕክምና አይለውጥም። ያን ገንዘብ ለሚቀጥለው ሲቲ ስካን ያስቀምጡት። መድኃኒቱ መሥራቱን የሚዳኘው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ የሚነሣው ሲቲ ነው። የምርምር ጥናት ውስጥ በነፃ ተሳተፉ ከተባለ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከባዮፕሲው ፒዲ-ኤል1 ቢታይስ?

ፒዲ-ኤል1 የፒዲ-1ን ፍሬን የሚረግጠው ፕሮቲን ነው፤ የሚታየውም ከዕጢው በተቆረጠው ናሙና (ባዮፕሲ) ላይ ነው። ለሳንባ ካንሰር ይረዳል። ለኩላሊት ካንሰር ግን ብዙ አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው የኩላሊት ካንሰር ጥናት ኒቮሉማብ ፒዲ-ኤል1 ላለባቸውም ለሌለባቸውም ጠቅሟል።

ክሪያቲኒኔ ከፍ ብሏል። ካንሰሩ እየባሰ ነው?

ክሪያቲኒን የሚለካው የኩላሊትን ሥራ እንጂ ካንሰሩን አይደለም። አንድ ኩላሊቱ የወጣለት ሰው ትንሽ ከፍ ቢልበት አይገርምም። ኢሚውኖቴራፒ ደግሞ በኩላሊት በኩል የሚወገድ መድኃኒት ስላልሆነ፣ በዚህ ብቻ አይከለከልም። በሕክምናው መሃል ድንገት ከጨመረ ግን መከላከያው ኩላሊቱን አጥቅቶት ሊሆን ይችላልና ቶሎ ይታይ።

በየዙሩ ደም የሚቀዱት ለምንድን ነው? አባቴ “ደሜን ጨረሱት” ይላሉ

የሚወስዱት ጥቂት ማንኪያ የማይሞላ ደም ነው፤ አባትዎ አይጨነቁ። ይህኛው ምርመራ ግን ለትንበያ አይደለም። ፍሬኑ የተለቀቀው መከላከያ ጉበትን፣ ታይሮይድን፣ ኩላሊትን፣ ሳንባን፣ አንጀትን ሊያጠቃ ይችላል። የጉበት ኢንዛይም፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ስኳርና ክሪያቲኒን የሚታዩት ይህን ቀድሞ ለመያዝ ነው። ገንዘብ አጥሮ አንዱን መተው ግድ ከሆነ፣ ይህኛውን አይተዉት።

ጉንፋን ሲይዘኝ አሞክሳሲሊን ገዝቼ መውሰድ እችላለሁ?

ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ገዝተው አይውሰዱ። ሕክምናው ሊጀመር ሲል አንቲባዮቲክ የወሰዱ የኩላሊት ካንሰር ታማሚዎች በአማካይ ብዙም እንዳልቀናቸው ታይቷል። ከአንጀት ባክቴሪያ ጋር ይያያዛል የሚል ግምት አለ። ወይም ደግሞ አንቲባዮቲክ የወሰዱት መጀመሪያውኑ የደከሙት ስለሆኑ ይሆናል። ለጉንፋን ደግሞ ጭራሽ አይረዳም። እውነተኛ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ካለብዎትና ሐኪም ካዘዘ ግን ሳይፈሩ ይውሰዱ።

ጠበል እየተጠመቅሁ ነው። የባህል መድኃኒትም እወስዳለሁ። ልናገር?

ጠበሉ ከደም ምርመራው ጋር አይጋጭም። ከጠበል ጋር ተያይዞ መድኃኒት ማቋረጥ ወይም ለቀናት እህል አለመቅመስ ካለ ግን ለሐኪሙ ይንገሩ። የሚጠጣ ሥራ ሥርና ቅጠል ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ያኔ የጉበት ኢንዛይሙ ሲወጣ ሐኪሙ ኢሚውኖቴራፒው ያመጣው መስሎት ሕክምናውን ሊያቆምብዎት ይችላል። ይቆጡኛል ብለው አይደብቁ።

ደም ለመስጠት ባዶ ሆዴን መሄድ አለብኝ?

ለሲቢሲ፣ ለካልሲየምና ለአልቡሚን አያስፈልግም። የጾም ስኳር ከታዘዘ ብቻ ቀድመው ይነግሩዎታል። ውሃ ጠጥተው ይሂዱ፤ ደም ሥሩም ቶሎ ይገኛል።